ሦስተኛዋ ሽቦ

ልብስ ሰፊዋ ልጇ ጊታር በተጫወተች ቁጥር ደረቅ እንጨት ይዛ አጠገቧ ትቀመጣለች። እንጨቱ ጨርቅ የምትለካበት የሜትር እንጨት ነው፤ ከእጅ ብዛት ጫፍና ጫፉ ላይ ያለው ቁጥር ጠፍቷል፣ የመሃሉ ግን አሁንም ይነበባል። ጎረቤቶቿ ነገሩን በመስኮት ሲያዩ መጀመሪያ ልጅቷን እየመታች የምታስተምራት መስሏቸው ነበር፤ ኋላ መቀለጃ አደረጓት። «ዛሬስ ስንት ቀመሰች?» ይሏታል ደረጃው ላይ ሲያገኟት። እሷም አብራ ትስቃለች። ምን ትበል? ልጄን ኤሌክትሪክ ቢይዛት ጊታሩን መትቼ ከእጇ የማስጥልበት ነው ብትል ማን ያምናታል? አምነዋትም ቢሆን ደስ አይላትም። እንዲህ ያለውን ነገር በአፍ ማውጣት ራሱ ይጠራው ይመስል ያስፈራታል።

አባትየው የሞተው ፉጨት ገና ፊደል ስትቆጥር ነው። ፉጨት ልጅቷ ናት፤ አፏን ሳትፈታ ማፏጨት በመጀመሯ ሰፈሩ ያወጣላት ስም ነው፣ እናቷም ብትሆን በሌላ አትጠራትም። ሰውየው ጊታር ተጫዋች ነበር። አንድ ቀን መድረክ ላይ፣ ግራ እጁ የጊታሩን ክር እንደጨበጠ በቀኙ ማይክሮፎኑን ወደ አፉ ሊያስጠጋ ሲል ኤሌክትሪክ ያዘው። ተመልካቹ የሚጨፍር መስሎት አጨበጨበ። ይህን የነገራት የባሏ ወንድም ነው፣ ለቅሶው ላይ፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ። «አንድ ሰው እንኳ ደረቅ እንጨት ይዞ ቢደርስለት ኖሮ» አለና ሳይጨርሰው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ስለዚያ ቀን ተነጋግረው አያውቁም። ወንድምየው አልፎ አልፎ ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ የጨርቅ ዋጋ ጨመረ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እሷ ጨመረ ትለዋለች፣ እሱም «ምን ያልጨመረ አለ» ብሎ ኮቱን ያነሳል። ጊታሩ የት እንደገባ እንኳ ጠይቃው አታውቅም።

ስለዚህ እሷ ቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚኖረው በጥርጣሬ ነው። የማቀዝቀዣው እጀታ በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሏል። የመብራቱ ማብሪያ የሚነካው በእጅ ጀርባ ነው፤ ኤሌክትሪክ የያዘው መዳፍ ይጨብጣል፣ ጀርባው ከሆነ ግን ይፈናጠራል ሲሉ ሰምታለች። የስፌት መኪናዋ በእግር የሚረገጥ ነው። ደንበኞቿ «አሁን እኮ በሞተር የሚሠራው ረክሷል» ሲሏት «እግሬን ያፍታታልኛል» ብላ ታልፋቸዋለች። ካውያዋም የከሰል ነው። ማታ ማታ እየዞረች የቤቱን ስፒና ሁሉ ትነቅላለች፣ ጠዋት ፉጨት እየዞረች ትሰካለች። እንዲህ ባለ ቤት ያደገች ልጅ ከስንት የሙዚቃ መሣሪያ መርጣ እንዴት የኤሌክትሪክ ጊታር ላይ እንደወደቀች እናትየዋ እስከ ዛሬ አልገባትም። በደም ነው ብላ እንዳታልፈው፣ የአባቷን መንገድ የጀመረች ልጅ እስከ ዳር እንዳትሄደው ትፈራለች።

መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር። ፉጨት አልተከራከረችም፤ ማፏጨቷን ብቻ አቆመች። ዕቃ ስታጥብ ዝም፣ ጫማ ስታስር ዝም፣ ደረጃ ስትወርድ ዝም። እናትየዋ ያን ዝምታ የቻለችውን ያህል ቻለችና እጅ ሰጠች፤ ግን ሕግ አወጣች። ጫማው ባለ ጎማ ይሁን፣ እጅ ይድረቅ፣ እናት ቤት ከሌለች ምንም ነገር አይሰካ። ፉጨት የምትጫወተው ከጊታር ሠሪው በተዋሰችው አሮጌ ጊታር ነው፤ ድምፁን የሚያጎላውን ጥቁር ሣጥን፣ አምፕሊፋየሩን፣ ሕፃናትን ሙዚቃ እያስተማረች ባገኘችው ገንዘብ ያገለገለ ገዝታለች። የራሷን ጊታር ግን በልኳ እያሠራች ነው፣ እንደ ልብስ። የፋብሪካው ለሰፊ ትከሻና ለረጅም ጣት የተቆረጠ ነው፤ እሷ እጇ የእናቷ ነው፣ ትንሽ። እራት ላይ ወሬዋ ሌላ አይደለም። አንገቱ ቀጠን ይበል፣ ገላው ወገብ ይኑረው፣ ከክሮቹ ሥር የሚቀመጠው ድምፅ ለቃሚ ባለ አንድ የሽቦ ጥቅል ይሁን ባለ ሁለት። እናትየዋ የልክ ነገር ይገባታል፤ ሳታስበው «ብብቱ ጋ አይከርክርሽም?» ብላ ትጠይቅና ራሷን ትታዘባለች።

አንድ ቀን ጠዋት ወደ ጊታር ሠሪው መሄድ ያለባት እናትየዋ ነበረች። ሰውየው የማይለቀው ልማድ አለው። እንጨት ከመቁረጡ በፊት ከተጫዋቹ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር የሚኖር ሰው መጥቶ ከጊታሩ አንድ ነገር መምረጥ አለበት፣ ያውም ተጫዋቹ በሌለበት። አንዷ ሚስት ቀለም መርጣለች፣ አንድ አባት የድምፅ መቀነሻውን ቁልፍ መርጧል፤ ሳይመረጥ የተሠራ ጊታር ከእሱ ቤት ወጥቶ አያውቅም።

«እኔ ካለሁ አፍረሽ እኔ ደስ የሚለኝን ነው የምትመርጪው» አለች ፉጨት ዳቦዋን እየቆረሰች።

«አንቺስ እስከዚያው ምን ትሠሪያለሽ?»

«ፀጉሬን እታጠባለሁ። ከዚያ ቁጭ እላለሁ።»

«አትሰኪም።»

«አልሰካም እማ» አለች፣ ግን ዓይኗ የተጠቀለለው የማቀዝቀዣ እጀታ ላይ ነበር። እናት የልጇን ውሸት በጠረኑ ታውቀዋለች። እርጥብ ፀጉር፣ ባዶ ቤት፣ ያ ጥቁር ሣጥን። መሄዱን ልተወው አለች በልቧ፤ ከቀረች ግን የጊታሩ ነገር በእሷ እምቢታ ሊበላሽ ነው፣ ያ ዝምታም ሊመለስ ነው።

ፉጨት ልትታጠብ ገብታ የውሃው ድምፅ ሲሰማ እናትየዋ የስፌት መኪናዋን ካቻቢቴ አወጣች። የአምፕሊፋየሩ ስፒና ግድግዳው ላይ አለመሰካቱን ደጋግማ አረጋገጠች፣ ከዚያ በእጇ ጀርባ ነካ ነካ አደረገችው፣ ከዚያ ፈታችው። ውስጡ ሦስት ሽቦ አለ። ሁለቱን ልትነካቸው አልደፈረችም፤ ተነቅለውም ቢሆን የተኙ እንጂ የሞቱ አልመሰሏትም። ሦስተኛዋ ግን ቢጫና አረንጓዴ ናት። አንድ ጊዜ የቤቱን መስመር ሊጠግን የመጣው ሠራተኛ እንደዚችው ያለችዋን በባዶ እጁ ይዞ «ይቺን አትፍሪያት፣ ምንም የለባትም» ብሏት ነበር። ከሦስቱ የምታውቃት እሷን ብቻ ነው። አንድ ሽቦ የጎደለው ነገር መቼም አይሠራም፤ ነገ ደግሞ ማንም በቀላሉ ይቀጥለዋል፣ ልጅቷም አሮጌ ዕቃ ነው ተበላሸ ትላለች፣ ማንም አይጎዳም። በክር መቁረጫዋ ትንሽ መቀስ ቅጭ አደረገቻት። ክዳኑን መልሳ አሰረችውና እጇን ታጠበች፤ ከእንጨቱ ጋር መቀመጥ ከጀመረች ወዲህ እንደዚያ ቀን ቀልሏት ከቤት ወጥታ አታውቅም።

አውቶቡሱ ላይ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ከጎኗ የተቀመጠች ሴት ስለ ዘይት ዋጋ አማረረች፣ እሷም እየተስማማች አዳመጠች። ልቧ ያለው ግን ጊታሩ ላይ ነበር። አንድ ነገር ምረጪ ቢላት እሷ ሁሉንም ልትመርጥ ነው ያሰበችው። ልጇ በምትይዘው ዕቃ ላይ ከእጇ ጋር የሚገናኝ ብረት የሚባል ነገር እንዳይኖር ልታደርግ ነው። እንጨት፣ ፕላስቲክ፣ ቀንድ፣ ምንም ይሁን። መንገዱን ሙሉ ክፍሎቹን አንድ ባንድ እያሰበች እንደ ቀሚስ ስትፈታቸውና ስትገጥማቸው ቆየች።

የጊታር ሠሪው ቤት ከአንድ የወንበር መሥሪያ ጀርባ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ገና ክር ያልተወጠረባቸው አንገቶች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፣ ወለሉ ላይ ያለው ሰጋቱራ ጫማ ይውጣል፣ ክፍሉ ሙጫ ሙጫ ይሸታል። ሰውየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት ነው፤ ስትገባም ያን እያደረገ ነበር። ወንበሩን በእጅጌው ጠርጎ አስቀመጣትና የጊታሩን ገላ የሚሠራበትን የዝግባ ጣውላ አምጥቶ ጭኗ ላይ አኖረላት። ቀላል ነው፤ ወርድና ርዝመቱ የሕፃን ልጅ ማስተኛ ያህላል። ልጅቷ ያለችውን ወገብ በእርሳስ አስምሮበታል።

«ደርቋል?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄዋ።

«እንዴታ፣ ከእኔ በላይ የደረቀ ነው» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ጆሮዋን አስጠግታ በጣቷ አንኳኳችው። ሰውየው ለድምፁ መስሎት በአድናቆት አያት።

ከዚያ ቀጠለች። የክሮቹ መቃኛ ጆሮዎች ከእንጨት ይሁኑ አለችው፤ ይሆናሉ አለ። የድምፅ ቁልፎቹስ? ከወይራ እቀርጽላታለሁ አለ። ድምፅ ለቃሚው ክዳኑ ፕላስቲክ ይሁን፤ ይሁን። ክሮቹ በታች በኩል የሚያርፉበት ያ ብረት ከእንጨት ቢሆንስ ስትለው መነጽሩን አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገ። «ከላይ እንጨት ማልበስ ይቻላል። ቆይ ግን፣ እርስዎ የመጡት አንድ ነገር ሊመርጡ ነው። እየመረጡልኝ ያሉት ደግሞ ሙሉ ጊታር ነው።»

«ክሩስ?» አለች እንዳልሰማ ሰው። «ክሩ ናይለን ቢሆን?»

«ናይለንማ አይሆንም እናቴ። ከሥሩ ያለው ማግኔት ነው፣ ብረት ካልሆነ አይሰማውም። የሚያምር ዲዳ ነው የምሠራላት።»

ልብስ ሰፊዋ እጇ ጣውላው ላይ እንዳለ ቀረ። ያን ሁሉ መንገድ ስትፈታና ስትገጥም ዋናውን ረስታው ነበር፤ የሰው እጅ ጊታር ላይ የሚነካው ክሩን ነው፣ ክሩ ደግሞ ብረት ነው፣ ባሏም ሲያዝ ጨብጦ የነበረው ክሩን ነው። አንገቷን ደፋች። ሰውየው ምነው ብሎ ሲጠይቃት የባሏን አሟሟት ነገረችው። ጭብጨባውን ሳይቀር ነገረችው። ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር፤ ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት፣ ግን አልቆመችም።

ጊታር ሠሪው እስክትጨርስ ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ተነስቶ አንድ በጅምር ያለ ጊታር አመጣ፣ ገልብጦ የኋላ ክዳኑን ከፈተውና በጣቱ አንዲት ቀጭን ሽቦ አሳያት። «ሰው ሁሉ ፈርቶ የሚመጣው የማያስፈራውን ነው» አለ በቀስታ። «ይቺን ይመልከቱ። ክሮቹን ሁሉ ከሥር ሰብስባ ይዛለች። ከዚህ በገመዱ አድርጋ ወደ አምፕሊፋየሩ ትሄዳለች፣ ከአምፕሊፋየሩ ደግሞ በስፒናው ውስጥ ባለችው በቢጫና አረንጓዴዋ ሽቦ ወደ መሬት ትወርዳለች። ሌሎቹ ሁለቱ ሥራ ላይ ናቸው። እሷ ዘበኛ ናት፣ ቀኑን ሙሉ ምንም አትሠራም። አንድ ቀን ኤሌክትሪኩ ሾልኮ ብረቱ ላይ ከወጣ ግን እሷ ተቀብላ ወደ መሬት ትሸኘዋለች። እሷ ከሌለች መሬት የሚደርሰው በሰውየው ነው። ባለቤትዎን ጊታር አልገደላቸውም። የሆነ ቦታ ይቺ ሽቦ አልነበረችም ማለት ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። ጣቶቿ ላይ የመቀሱ ቅጭታ እንደገና ተሰማት።

«ብትቆረጥስ?» አለች። «ብትቆረጥ ዕቃው አይሠራም አይደል?»

«ክፋቱ እኮ እሱ ነው። ይሠራል። ትንሽ እዝዝዝ ይላል እንጂ ምንም የጎደለው አይመስልም።»

ጣውላው ከጭኗ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። መቆሟን ያወቀችው ሰውየው ክንዷን ሲይዛት ነው። «ቆርጫታለሁ» አለችው፤ «ጠዋት፣ በመቀስ፤ እንዳትጫወት ብዬ። ፀጉሯን እየታጠበች ነበር።» ሰውየው ፊቱ ተለዋወጠ። ደውይ አላት፤ እርስዎ ማለቱን ረስቶታል። ደወለች፣ ይጠራል። ደግማ ደወለች፣ ይጠራል። የሚጠራ ስልክ የማይነሳው ወይ ባለቤቱ ሲተኛ ነው፣ ወይ ጊታሩ ከስልኩ ሲበልጥ፣ ወይ ሌላ ሦስተኛ ነገር ነው፤ ሦስተኛውን ልታስበው አልፈለገችም። ጊታር ሠሪው በሩ ላይ ትከሻዋን ይዞ ወደ ራሱ አዞራት። «ስሚኝ። ይዟት ካገኘሻት እንዳትነኪያት። መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ። ልጅሽን ሳይሆን ማጥፊያውን። ገባሽ?»

አውቶቡስ መጠበቅ አልቻለችም፤ ታክሲ ያዘች። ታክሲው ጥቂት እንደሄደ መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ ቆመ። ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፈተ፣ ውስጡ ጊታር ነበር። «ዝጋልኝ» ብላ ጮኸችበት፤ ሰውየው በመስታወቱ አይቷት ዘጋው። ስልኩ ይጠራል። እጇ ያልበዋል፣ ልብሷ ላይ ትጠርገዋለች፣ መልሶ ያልበዋል። ከዓይኗ ፊት ያለችው ፉጨት እርጥብ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ እየተንጠባጠበ ነው። ሰዎች ሲያጨበጭቡ ይሰማታል። እኔ ነኝ አለች በልቧ፤ ሌላ ማንም አይደለም፣ አጠገቧ እንጨት ይዤ የምቀመጠው እኔው በገዛ መቀሴ። ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻለችም። ያላትን ብር ሾፌሩ ጎን ጥላ ወረደችና በቆሙት መኪኖች መሃል ሮጠች። ከሟች ባሏ ጋር ስትጫጭ እንኳ ሮጣ የማታውቅ ሴት፣ ባለ ጎማ ጫማዋን ጧ ጧ እያደረገች፣ ነጠላ ጫማ የሚሸጥ ሰው ዕቃ ረግጣበት፣ ይቅርታ ሳትል አለፈች።

የሕንጻቸው በር ላይ ስትደርስ ጊታሩን ሰማችው። ከላይ ነው፣ ከእነሱ መስኮት። ፉጨት እንደዚያ ስትጫወት ሰምታት አታውቅም፤ ያ እናቷ አጠገቧ ቁጭ ስትል የምትጫወተው ለስለስ ያለው አልነበረም፣ ቁጣ ያለበት ነበር፣ መስታወቱን ያርገበግበዋል። እናትየዋ ሳቅም ልቅሶም መጣባት። የሚጫወት ሰው በሕይወት አለ። «ፉጨት!» ብላ ተጣራች። ልክ ያኔ አንድ ነገር ቋ አለና ድምፁ ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጸጥታ ምን ያህል እንደሆነ እሷም አታውቀውም። እግሯ ደረጃው ላይ ወጥቶ ነበር። መላ ሰውነቷ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ልጇ ያለችው ላይ ነው። ልጅሽን ሳይሆን ማጥፊያውን። ተመለሰች። የቆጣሪዎቹ ሣጥን ከደረጃው ሥር ነው፣ ብረት፣ አቧራ የጠጣ፤ እዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ በዚያ በኩል ስታልፍ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ነው። አሁን ግን በእጅ ጀርባ መንካት ትዝም አላላትም። የሣጥኑን በር በመዳፏ ግጥም አድርጋ ይዛ ገነጠለችው። ውስጡ የሕንጻው ሰው ሁሉ ማጥፊያ ተደርድሯል፤ የቱ የሷ እንደሆነ አታውቅም፣ ከፍታ አይታው አታውቅማ። ሁሉንም፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በላብ በተነከረ እጇ ቋ ቋ ቋ አድርጋ አወረደቻቸው።

ሕንጻው ጮኸ። ቴሌቪዥን የሚያይ፣ ፀጉር የሚያደርቅ፣ ልብስ የሚተኩስ፣ ሁሉም በየበሩ ብቅ አለ። እሷ በመሃላቸው ሽቅብ ሮጠች። የቤታቸውን በር በትከሻዋ ስትገፋው አልተቆለፈም ነበርና ተንደርድራ ወለሉ ላይ በጉልበቷ ወደቀች።

ፉጨት ክፍሉ መሃል ቆማለች። ፀጉሯ ደርቆ ተጎንጉኗል። እግሯ ላይ ባለ ጎማው ጫማ አለ። በአንድ እጇ ጊታሩን ይዛ በሌላው የተበጠሰውን ክር ጫፍ ይዛለች።

«እማ? መብራት ሄደ እንዴ?»

እናትየዋ እግሯን ያዘቻት፤ ባቷን፣ ጉልበቷን፣ እጇን፣ በመዳፏ ሁሉንም ዳበሰችው። ትሞቃለች። አትንቀጠቀጥም። «ቆርጫታለሁ» አለች እናትየዋ፣ «ሽቦዋን ቆርጫታለሁ፣ ያቺን ቢጫዋን፣ እኔ ነኝ፤ የማይሠራ መስሎኝ ነው፣ ልጄን ልገድላት ነበር፣ በገዛ እጄ» እያለች ደጋገመችው። ፉጨት ጊታሩን ቀስ ብላ አልጋው ላይ አስተኛችና እሷም ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ከታች ሰው ማጥፊያዎቹን ማን ነካቸው እያለ ይጮሃል።

«አይቻታለሁ» አለች ፉጨት። «ቀጥያታለሁ። ከመሰካቴ በፊት።»

እናትየዋ ቀና አለች።

«ሁልጊዜ ነው የማየው። አንቺ ገበያ ስትሄጂ፣ ስትተኚ፣ ስፒናውን ፈትቼ አያታለሁ። አለች ወይ ብዬ። አጎቴን አንድ ቀን አባዬ እንዴት ነው የሞተው ብዬው ስለዚያች ሽቦ ነግሮኛል። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት ብሎኝ ነው።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እኔ ደግሞ እፈራለሁ ብልሽ ትከለክይኛለሽ ብዬ። እሞታለሁ ብዬ እፈራለሁ እማ። በያንዳንዱ ቀን። ባልፈራ ኖሮ ዛሬ ሳላየው እሰካው ነበር።»

«ለምን አልደወልሽልኝም ታዲያ? መቆረጧን ስታዪ?»

«ምን ብዬ? በመቀስሽ ነው የተቆረጠችው፤ አቆራረጥሽን አውቀዋለሁ። ተናድጄ ነበር። ተናድጄ ነው እንደዚያ የመታሁት፣ ክሩም የተበጠሰው ለዚያ ነው፣ ስልኩንም አልሰማሁም።» ከዚያ ፊቷ ተጨማደደ፣ ትንሽ ልጅ ሆነች። «አውቀሽ ያደረግሽው መስሎኝ ነበር። ፈርቼ እንድተወው ትንሽ እንዲይዘኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ልጇን ወደ ደረቷ ሳበቻትና ሁለቱም እዚያው ወለሉ ላይ፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ መሃል፣ አለቀሱ። ሁለት ሰው አንድ ፍርሃት ለብቻ ለብቻው ይዞ ስንት ዓመት በአንድ ማዕድ መብላቱ አሁን ገና አበሸቃት። የባሏ ወንድምም ትዝ አላት፤ ስለ ጨርቅ ዋጋ እየጠየቀ ሻዩን የሚጠጣው ሰው።

ከታች «ኧረ የማነው ሥራ ይሄ!» የሚል ድምፅ መጣ። ፉጨት በእንባዋ መሃል ሳቀች። «አንቺ ነሽ ያጠፋሽው፣ አንቺው አብሪው» አለቻት። እናትየዋ ወረደች። የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ከፊቷ ዞር አሉላት፤ ፊቷን አይተው የቀለደ የለም። አሁን ግን ስላልቸኮለች ፍርሃቷ ተመልሶ መጥቶ ነበር። እጇ ብረት ሣጥኑ አጠገብ ደርሶ ተመለሰ፣ ደርሶ ተመለሰ። ከዚያ በእጇ ጀርባ ነካ አደረገችውና ምንም እንዳልሆነች ስታውቅ አንድ ባንድ አነሳቻቸው።

ስትመለስ ስልኳ ይጮህ ነበር። ጊታር ሠሪው ነው፤ ስንት ጊዜ እንደደወለ ስልኩ ላይ ይታያል።

«ልጅቷስ?»

«ደህና ናት። ራሷ ቀጥላታለች።»

ከወዲያ በኩል ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፤ ከዚያ ሰውየው እርስዎ ወደ ማለቱ ተመለሰ። «እኔማ ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶኝ... እንኳን ደህና ሆናችሁ።» ቀጠለና «እንግዲህ ዛሬ ይቅር፤ ሌላ ቀን መጥተው ይመርጣሉ» አላት።

«መርጫለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «መቃኛውም ቁልፉም እሷ እንዳለችው ይሁን፣ ብረትም ቢሆን። እኔ የምመርጠው ያቺን ከክሮቹ ሥር ያለችውን ሽቦ ነው። ወፈር ያለችዋን ያድርጉልኝ። ደግሞ በአንድ አይሆንም፣ ድርብ ይሁን። እኔ እጅጌ ስገጥም እንኳ በድርብ ነው።»

«እሷ እኮ ከውስጥ ናት እናቴ። ክዳኑ ከታሰረ በኋላ ማንም አያያትም።»

«ክዳኑ ሳይታሰር መጥቼ አያታለሁ።»

ስልኩን ስትዘጋ ፉጨት ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ ተንበርክካ ስፒናውን ነቅላ ፈትታ ይዛለች። ወደ እናቷ ዘረጋችው። እናትየዋ መነጽሯን አድርጋ፣ ክር መርፌ ውስጥ እንደምታስገባ ሰው ተጠግታ፣ ሽቦዋን አየቻት፤ አለች። በጣቷ ጫፍ ሳብ አድርጋ ሞከረቻት፤ ጠብቃለች። ፉጨት ክዳኑን አሰረች፣ ግድግዳው ላይ ሰካችው፣ የተበጠሰውን ክር በአዲስ ተካችና መቃኘት ጀመረች። እናትየዋ ወንበሯን ወደ ቦታው ሳበች። የሜትሩን እንጨት ከጥግ አንስታ ጭኗ ላይ አጋደመችው።

«እሱ ደሞ አሁንም?» አለች ፉጨት።

«እሱ ይቆያል» አለች እናትየዋ። «ተጫወቺ።»